ታከለ ያመጣልኝ ውሃ

ሐኪም «ምን በላሽ?» ሲለኝ የበላሁትን እስከ ጨው ድረስ እነግረዋለሁ። «ምን ጠጣሽ?» ሲለኝ ደግሞ ሻይ፣ ቡና፣ አንዳንዴ ለበዓል ትንሽ ጠላ እላለሁ። ውሃ ግን ብዬ አላውቅም። ውሃን ማን ይቆጥራል? እናንተስ ትቆጥራላችሁ? እንግዲያው ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ፊደሌ አያምርም፤ ጣቶቼ እስክሪብቶውን እንደድሮው አይዙትም፤ ታገሱኝ።

ስሜ ይታይሽ ነው። እስራኤል ሀገር፣ ረሆቮት ከተማ፣ ክርያት ሞሼ ሰፈር ነው የምንኖረው፤ እኔ፣ ባለቤቴ ታከለ፣ እና ገና ያላገባችው ታናሿ ልጃችን ሚካል። እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ጽዳት እሠራ ነበር። ታከለ ዕድሜውን ብርቱካን ማሸጊያ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ጡረታ የወጣ ወንድ ቤት ሲውል ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። ድስት ይከፍታል፣ መስኮት ይዘጋል፣ «ይሄ ለምን እዚህ ተቀመጠ?» ይላል። እኔማ እግዜርን «አንድ ሥራ ፈልግለት» ብዬ ለመንሁ። ሰማኝ፣ ሰጠው። ምነው ባልሰማኝ!

ከከተማው ዳር አንድ አሮጌ የብርቱካን እርሻ ነበር፤ እዚህ ፓርዴስ ይሉታል። ባለቤቱ ሞቶ ወራሾቹ መሬቱን እየቆራረሱ ለአትክልት ያከራዩት ነበር። ከኛ ሰዎች ብዙ ሽማግሌዎች ቁራጭ ቁራጭ ያዙ። ታከለም ያዘና ጎመን፣ በቆሎ፣ ቃሪያ፣ ጤና አዳም ተከለበት። መካከል ላይ የድሮ የጉድጓድ ውሃ ነበር፤ በሞተር ተስቦ በአንድ ቧንቧ ይወርዳል። ለማጠጫ ነበር የከፈቱት። ጠጡ ያለን የለም፣ አትጠጡ ያለንም የለም። እኛም ማንንም አልጠየቅንም።

እኛ ቤተ እስራኤሎች ጎንደር ሳለን መንደራችን ወንዝ ዳር ነበር። ያለ ወራጅ ውሃ ንጽሕና የለም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወርደን እንታጠባለን፣ የሰንበትንም ውሃ ያን ጊዜ እንቀዳለን፤ በሰንበት አይቀዳማ። እዚህ ስንመጣ ውሃው ግድግዳ ውስጥ ገባ። ቧንቧውን ስትከፍት ክሎር ክሎር ይሸታል፤ ክሎር ማለት ለማጽዳት የሚጨምሩበት መድኃኒት ነው። እኔ ቀኑን ሙሉ ሽንት ቤት በክሎር ሳጥብ እውላለሁ፤ ማታ ደግሞ ልጠጣው? በየት በኩል ይወርድልኛል?

አንድ ዓርብ ታከለ ከአትክልቱ ጀሪካን ሞልቶ መጣ። «የሰንበት ውሃ አመጣሁልሽ» አለኝ። ሀገር ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው ለእንግዳ ከመስጠቱ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ እኔ ጠጥቼዋለሁ፣ ክፉ ነገር የለበትም፣ ጠጡ ማለቱ ነው። ታከለም እንደዚያው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰና ብርጭቆውን ሞላልኝ።

«ውሃም ይቀመሳል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁበት።

«ጠጪና ከዚያ ትስቂያለሽ» አለኝ።

ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ለስላሳ፣ ምንም ሽታ የሌለው። የልጅነቴ ምንጭ ትዝ አለኝና ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ማር ነው» አልሁት። እውነቴን ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየዓርቡ ሆነ። ጀሪካኑን የገበያ ጋሪ ላይ አስሮ፣ አጋላ የሚሉት ባለ ሁለት ጎማው ላይ፣ በክርያት ሞሼ መካከል እየጎተተ ይመጣል። ሀገር ቤት ወንድ ውሃ አይቀዳም፤ ቢቀዳ መንደር ይስቅበታል። እኔ ነኝ እንስራ ተሸክሜ ያደግሁት፤ ልጅ በሆዴ ይዤ እንኳ ያንን ዳገት ወጥቻለሁ። እና ታከለ ጋሪውን ሲጎትት በመስኮት ብቅ ብዬ «ኮረዳዋ መጣች!» እያልሁ እቀልድበታለሁ። አይቆጣም። አንድ ቀን ግን ደረጃውን ወጥቶ፣ ላቡን ጠርጎ፣ «አንቺ ያን ሁሉ ዘመን ተሸከምሽልኝ። አሁን ተራው የኔ ነው» አለኝ። ባለቤቴ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። ይህን ያህል ከተናገረ ለዓመት ይበቃዋል። ከዚያ ቀን በኋላ አልቀለድሁበትም። ዋሸሁ፤ ቀለድሁበት፣ ግን ቀስ ብዬ።

ያ ውሃ ለወጥ አይባክንም ነበር። ወጡ በቧንቧ ውሃ ይሠራል። ሚካል ደግሞ ከልጅነቷ የቧንቧ ውሃ የለመደች ናት፤ «እማዬ፣ ይሄ ሰው መርምሮታል?» ትለኛለች፣ እኔም «ሂጂ ወዲያ፣ ምንጭ ይመረመራል?» እላታለሁ። ታከለ አትክልቱ ቦታ ሲቆፍር ይጠጣ እንደሆን እንጂ ቤት ሲመጣ የቧንቧውን ነው የሚጠጣ። ስስት አልነበረም፤ ለእኔ እየቆጠበልኝ ነው። ይህን በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ባላወቅሁት ይሻለኝ ነበር።

ሕመሙ ሲጀምር ሕመም አይመስልም ነበር። ሆዴን ይነፋኝ፣ ያስቀምጠኝ፣ መልሶ ይተወኝ ጀመር። በዚያ ላይ ድካም። ቆይቶ የእግሬ መዳፍ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ አራግፋለሁ፤ ምንም የለም። ከዚያ እጄ ላይ መጣ፤ ብርጭቆ ይዤ ሳለሁ ብርጭቆው ወለሉ ላይ ነው። መዳፌ ላይ እንደ ጤፍ ዱቄት ውስጥ የቀረ ጠጠር ያለ ደረቅ ነገር ወጣ። ደረቴ ላይ ደግሞ ጠቆር ነጣ ያለ ነጠብጣብ፤ አቧራ ላይ ጥቂት ዝናብ ሲጥልበት እንደሚሆነው።

ወደ ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ሄድሁ። የቤተሰብ ሐኪማችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ከኮምፒውተሩ ዓይኑን አያነሳም። ደም ማነስ ነው ብሎ የብረት ክኒን ሰጠኝ። አልተሻለኝም። ጎረቤቶቼ ስኳር ነው አሉ፤ ተመረመርሁ፣ ስኳር የለብኝም። በሦስተኛው ጊዜ ሐኪሙ ሚካልን አየና ረጅም ነገር ነገራት። «ምን አለ?» አልኋት።

«ጭንቀት ሊሆን ይችላል አለ። ከሀገር መልመድ ጋር የተያያዘ።»

«ሀገር መልመድ! ከሃያ ዓመት በላይ ኖሬ፣ ልጆቼን ለውትድርና ሰጥቼ፣ ገና አልለመድሁም? ንገሪው፣ እግሬ ነው እንጂ የማይሰማኝ ልቤ ደህና ነው በይው!»

ሚካል አልነገረችውም። «ቤሰደር፣ ዶክተር»፣ ማለት እሺ፣ ብላ ወረቀቱን ተቀበለችና ወጣን። የእንቅልፍ ክኒን ነበር። ዋጥሁት፤ ምን ላድርግ?

ለቆዳ ሐኪም ቶር፣ ማለት ቀጠሮ፣ እስኪደርስ ወራት ጠበቅሁ። እሱም የምሠራበትን ጠየቀና የጽዳት መድኃኒት ነው፣ ጓንት አድርጊ፣ ይህን ቅባት ተቀቢ አለ። ሥራዬን ተውሁ። ጓንትም ቅባትም ሳይቀር አደረግሁ። ጠጠሩ ግን እየጨመረ ሄደ።

ስለዚያ የመጠባበቂያ ክፍል ብዙ ማለት እችላለሁ። ቁጥር የሚጠራ ማሽን አለ፤ ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ እሱን ያያል። ሚካል ከሥራዋ ፈቃድ ለምና አጠገቤ ትቀመጣለች፣ ስልኳን ታያለች፣ ሰዓት ታያለች፣ እኔም ልጄን ሥራ አስፈታሁ እያልሁ እሳቀቃለሁ። ደግሞስ ሕመሜን የምናገረው በልጄ አፍ ነው። ለልጅ የማይነገር አለ። ሆዴ እንዴት እንደሚያደርገኝ፣ ምን ያህል ጊዜ እንደምነሳ፣ እንዴት ብዬ ለዚህች ልጅ ልንገራት? ግማሹን አስቀርቼ እነግራታለሁ። እሷም አፍራ ከዚያ ላይ ትንሽ ታስቀራለች። ሐኪሙ ጋ የሚደርሰው የተረፈው ነው። አሁን ሳስበው ይቆጨኛል። እናቶች፣ አትፈሩ፤ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ወይም ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሁሉንም ተናገሩ።

ታከለስ? ታከለ በእኔ መክሳት እሱ ከሳ። «ሰውነትሽ ደርቋል፣ ውሃ ነው የጎደለሽ» ይለኛል። የዓርቡ ውሃ የየዕለት ውሃ ሆነ። ማለዳ ተነስቶ ጋሪውን እየጎተተ ይሄዳል፣ ሳይሞቅ ይመለሳል፣ በመዳፉ ቀምሶ ብርጭቆውን ይሰጠኛል፣ ጨርሼ እስክመልስለት ከአጠገቤ አይሄድም። አንድ ጎረቤታችን «አፍልታችሁ ጠጡት» አለችን፤ አፈላነው። ኋላ አንዲት ዶክተር እንደነገረችኝ፣ ማፍላት ተውሳክ ይገድላል እንጂ ይህንን ነገር አያወጣም። እንዲያውም ውሃው ሲቀንስ መርዙ እዚያው ይቀራል። እኔ ግን ከታከለ እጅ ስቀበል ደስ ይለኝ ነበር። ቢያንስ አንድ ሰው መድኃኒቴን ያውቃል እል ነበር።

አንድ ጠዋት ደረጃ ስወርድ እግሬ ደረጃውን አጣው። ወደቅሁ። ሚዩን፣ ማለት የድንገተኛ ክፍል፣ ወሰዱኝ፤ ከዚያም አስተኙኝ። ያን ሰሞን ወጣቶቻችን ፖሊስ ይመታናል ብለው ቴል አቪቭ ሰልፍ የወጡበት ነበር። ጓደኞቿ ሁሉ ሲሄዱ ሚካል ሆስፒታል ወንበር ላይ ቁጭ ብላ በስልክ ታየው ነበር። «ሂጂ» ብላት «ያላ፣ በቃ እማዬ፣ ተይኝ» አለችኝ። ይህም አንዱ ጸጸቴ ነው።

አጠገቤ የተኛችው ከክፋር ማርሞሬክ ሰፈር የመጣች የመናዊት አሮጊት ነበረች፤ ሳዒዳ ትባላለች። የእሷም ዕብራይስጥ ስብርብር፣ የእኔም ስብርብር፤ ስለዚህ በደንብ ተግባባን። ከቦርሳዋ ዘይት አውጥታ እግሬን ታሸኛለች። «ይሰማሻል?» ትለኛለች። «አይሰማኝም» እላታለሁ። «ነገ ይሰማሻል» ትላለች። መብራት ሲጠፋ ፍርሃት ይይዘኝ ነበር፤ እግሬ የጀመረው ወደ ላይ እየወጣ ልቤ ቢደርስስ እያልሁ። እሷ በጨለማው ውስጥ ጸሎቷን ስታነበንብ እሰማና እረጋጋለሁ። ልጆቿ በየቀኑ በድስት ሾርባ ይዘው ይመጣሉ፣ ለእኔም ታካፍለኛለች።

በዚያ ሳምንት ሆዴ ተረጋጋ። ምግብ በላሁ። እግሬ እንደነበረ ቢሆንም ፊቴ ላይ ደም መጣ። ቫይረስ ይሆናል አሉና አሰናበቱኝ። ቤት ስገባ ታከለ ሁለት ጀሪካን ሞልቶ ደርድሮ ጠበቀኝ። «እንኳን ደህና መጣሽ! እዚያ ክሎር ሲያጠጡሽ ከረሙ» አለና በመዳፉ ቀምሶ ሰጠኝ።

የእኔ ጅልነት ይህ ነው። ሆስፒታል ስሆን ተሻለኝ፣ ቤቴ ስገባ ታመምሁ። ሕፃን እንኳ ያየዋል። እኔ ግን የሐኪሞቹ መድኃኒት ስላለቀብኝ ነው አልሁ።

ከመስከረም በዓላት በኋላ እንደገና ሆስፒታል ተኛሁ፤ ከበፊቱ ብሶ። ታከለ መጀመሪያ ስተኛ ከውጭ ነገር ማስገባት የተከለከለ መስሎት ባዶ እጁን ነበር የሚመጣ። ግን የሳዒዳን ልጆች ድስት አይቶ ነበርና «ለካስ ይፈቀዳል!» አለ። ከዚያ በየቀኑ በትልልቅ ጠርሙስ ውሃዬን ይዞልኝ መጣ። በአውቶቡስ። እቅፍ አድርጎ። በዚህኛው ጊዜ ግን ሆዴ ሊረጋጋ አልቻለም።

አንድ ከሰዓት በኋላ የቆዳ ሐኪም ጠርተው አንዲት ወጣት ዶክተር መጣች። እግሬን አነሳችና መዳፉን በጣቷ ዳበሰችው። ከዚያ እጄን። ሚካል ለማስተርጎም ቆማለች። በዚህ መሐል ታከለ ጠርሙሱን አቅፎ ገባ። ዶክተሯ ደክማ ነበር፣ ፊቷ ያስታውቃል። የኔ ሰውዬ ታዲያ የደከመ ሰው እያየ ዝም አይልም።

«ሚካል፣ በያት እስቲ፣ ትጠጣ። ጥሩ ውሃ ነው በያት።»

ሚካል «አባዬ፣ አሁን አይደለም» አለችው። እሱ ግን ኩባያ አንስቶ ነበር። እንደ ልማዱ ጥቂት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀመሰ፣ ኩባያውን ሞላ፣ በሁለት እጁ ዘረጋላት።

ዶክተሯ ኩባያውን አልተቀበለችም። የቀመሰበትን እጁን ያዘች። ገልብጣ ብርሃን ላይ አየችው።

«አባዬ፣ እጅህን ልይ ትላለች።»

«እጄ ምን ሆነ? የዶማ እጅ ነው» አለ ታከለ።

ዶክተሯ የሱን እጅ አምጥታ ከእኔ እጅ አጠገብ አንሶላው ላይ አኖረችው። አየሁት። ያ ጠጠር እሱም መዳፍ ላይ ነበር። ትንሽ ነው፣ ጀማሪ ነው፣ ግን ያው ነው። ቀጥላ የሚካልን እጅ ጠየቀች። የሚካል ለስላሳ ነው። ዶክተሯ ጠየቀቻት፣ ሚካል ወደ እኛ ሳትዞር ቃሉን በአማርኛ ደገመችው፤ «እናትና አባትሽ አብረው የሚያደርጉት፣ አንቺ የማታደርጊው ነገር ምንድን ነው? የሚበሉት፣ የሚጠጡት?»

ሚካል አሰበች። ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ጠርሙሱ ሲወርድ አየሁት። ከዚያ በዕብራይስጥ «ማይም» አለች፤ ውሃ።

ታከለ ገና ፈገግ እንዳለ ነበር። ኩባያውን አላወረደውም።

ሽንቴን፣ ጥፍሬን፣ ውሃውን ወሰዱ። ቀናት ቆይቶ ውጤቱ መጣ። አርሰኒክ የሚባል መርዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ጣዕም የለውም። አንድ ቀን ጠጥተህ ጠንቅ አታይበትም፤ እየተጠራቀመ ነው ቆዳንና ነርቭን፣ ማለት ስሜት የሚያደርሱትን ክሮች፣ የሚበላ። ከየት መጣ ብለን ጠየቅን። ከጉድጓዱ ጀርባ የድሮ ባለቤቶች የተባይ መድኃኒት ያስቀምጡበት የነበረ የፈረሰ መጋዘን አለ፣ ከዚያ ሰርጎ ይሆናል አሉ። ይሆናል ነው። በእርግጥ የነገረኝ ሰው የለም። ቧንቧውን በሰንሰለት አሰሩት። ያ እኔ የናቅሁት የቤታችን የቧንቧ ውሃም ተመረመረ፤ ምንም የለበትም፤ ንጹሕ ነው።

ሚካል ይህን ለአባቷ ስታስረዳው አቀርቅሮ ሰማ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

«እዚህ ሆስፒታል ድረስ ያመጣሁላትም?»

«እሱም፣ አባዬ።»

ተነስቶ ወጣ። ከሆስፒታሉ እስከ ቤታችን በእግሩ ነው የሄደው። በማግስቱ አትክልት ቦታ ያላቸውን ሰዎች ቤት ለቤት እያንኳኳ «እንዳትጠጡት፣ ተመርመሩ» ሲላቸው ዋለ። ተመረመሩ። ጥቂት ጥቂት የተገኘባቸው አሉ፤ እንደ እኔ የሆነ ግን የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እነሱ ሲያልፉ ነበር የሚጠጡት። እንደ እኔ በፍቅር የሚያመላልስላቸው አልነበረም። ጀሪካኖቹን በመጥረቢያ ፈልጦ ጣላቸው።

እኔ ዳንሁ፤ መዳን ከተባለ። ዶክተሯ «ዋናው መድኃኒትሽ አለመጠጣት ነው» አለችኝ። ሆዴ ቶሎ ተመለሰ። የደረቴ ነጠብጣብ እየደበዘዘ ነው። የመዳፌን እየፋቁ ያክሙኛል፤ ወደ ክፉ ነገር እንዳይለወጥም በየጊዜው ያዩታል። እግሬን እንደ ሕፃን ልጅ መራመድ አስተማሩኝ። ግማሹ ስሜት ተመልሷል። ሌላው ይመለስ አይመለስ እንጃ። የታከለ ውጤት ቀላል ነበር፤ መጠጣት ሲያቆም እጁም ለሰለሰ። በዚህ ደስ ይለው ይመስላችኋል? እሱን የጎዳው ይህ ነው። «እኔን ለምን ተወኝ?» አለ አንድ ቀን፣ ለራሱ።

ሊጠይቁን የሚመጡ ሰዎች ደግሞ አሉ። አንዷ እሱ ባለበት «አይ ታከለ፣ ምነው ሳታጣራ?» አለች። ሻይዋን ሳትጨርስ ነው ያስወጣኋት። «የጠጣሁት እኔ፣ ማር ነው ያልሁት እኔ፣ አምጣልኝ ያልሁት እኔ!» ብዬ እስከ ደረጃው ተከተልኋት፣ በዚያ እግሬ። ግን እሱ የሰማው የእሷን ነው እንጂ የእኔን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ታከለ ውሃ መንካት ተወ። ገበያ ይሄዳል፣ ሽንኩርት ይልጣል፣ ጫማዬን ያስርልኛል። ውሃ ግን አይሰጠኝም። «ውሃ ጠማኝ» ስል «ሚካል!» ብሎ ይጣራል። ሚካል ከሌለች ደረጃው ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። ለሰንበት እጃችንን ስንታጠብ እንኳ ማንቆርቆሪያውን ለልጆቹ ይሰጣል። ታገስሁት፣ ታገስሁት፣ አንድ ቀን አመለጠኝ። «አንተ ሰውዬ፣ በውሃ ጥም ልትገድለኝ ነው?» አልሁት። ሰው በየቀኑ የሚለው ነገር ነው። ከአፌ ሲወጣ ግን ፊቱን አየሁት። ምላሴን በቆረጥሁት።

ብዙ ነገር ይቆጨኛል። የልጄን «ሰው መርምሮታል?» ብሰማ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ ሁሉን ብናገር። ቤት ስገባ ለምን እንደሚብስብኝ አንዴ ባስብ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰው እጅ ላይ አንድ ነገር ሲወጣ እጅ ለእጅ ተያይተን አናውቅም፤ ስንት ዓመት አብረን ስንኖር! እናንተ ውሃ ከጉድጓድ፣ ከአትክልት ቦታ፣ ከማታውቁት ቧንቧ የምትጠጡ ከሆነ፣ አስመርምሩት። ይጣፍጣል አትበሉ። የእኔም ይጣፍጥ ነበር። ይህን ሁሉ እላለሁ፤ ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ ግን እግሬ አይደለም። የታከለ እጅ ነው። ያ እጅ የሰጠኝ ሁሉ ወደኋላ ተመልሶ መርዝ ሆነበት።

ባለፈው ዓርብ ሐምሲን ነበር፤ ያ ከበረሃ የሚመጣ ትኩስ ነፋስ። ሚካል ከሥራ አልተመለሰችም። ታከለ ጓዳ ነው። ጠማኝ፤ ልጠራው አልፈለግሁም። ራሴ ተነስቼ ወደ ቧንቧው ሄድሁ። ብርጭቆውን ያዝሁት ብዬ ሳስብ ለካስ አልያዝሁትም። ወለሉ ላይ ተበተነ። ባዶ እግሬን ነበርሁ። ምንም አልተሰማኝም፤ ቀዩን ወለሉ ላይ ሳይ ነው መቆረጤን ያወቅሁ።

ታከለ እየሮጠ መጣ። ደግፎ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና ተንበርክኮ ስባሪውን ከእግሬ አወጣ። ደሙ አልቆም አለ። ማጠብ ነበረበት። ዙሪያውን አየ፤ ሚካል የለችም። ተነሳና ቧንቧውን ከፈተው። በእጁ እየቀዳ እግሬን አጠበልኝ፣ ቀስ እያለ፣ በጨርቅ አሰረልኝ።

«ታከለ፣ ጠማኝ» አልሁት።

ቆመ። ወደ በሩ አየ፤ የሚወጣ መሰለኝ። አልወጣም። ኩባያ አነሳና ሞላው። ከዚያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ጠጣ። ኩባያውን ግን አልሰጠኝም። እዚያው ቆሞ መዳፉን ያያል፤ ሆዱን የሚያዳምጥ ይመስላል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

«ትንሽ ቆዪ» አለኝ።

ቆየሁ። በመስኮቱ የዓርብ ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ እያዘነበለች ነበር። ከዚያ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ፣ እኔም በሁለት እጄ ተቀበልሁት፣ እንዳይወድቅብኝ። ጠጣሁት። እስከ ታች።

«ክሎር ክሎር ይላል» አልሁት።

«ይበል» አለኝ።

አሁን ውሃ ሲጠማኝ እሱ ያመጣልኛል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይቀምሳል፣ ሁልጊዜ ቆሞ ይጠብቃል። «ተው፣ ንጹሕ ነው፣ ተመርምሯል» እለዋለሁ። አይተውም። እኔም የቱንም ያህል ቢጠማኝ እስኪሰጠኝ እጠብቃለሁ።